በአንድ ላፕቶፕ ዊንዶውስም ሊኑክስም

[የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይገባል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል]

አቅራቢ፦ በጎንደር ከተማ፣ በአራዳ፣ በማራኪ፣ በአዘዞ ያላችሁ፤ ወደ ደጋው ደግሞ ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ዳባትና ደባርቅ፣ ከዚያም አልፎ በጃናሞራና በበየዳ የምትከታተሉን ሁሉ፣ ይህ ሳምንታዊው ዝግጅታችን ነው።

ዛሬ በጥያቄ ልጀምር። እቤታችሁ ወይም መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ፣ ተከፍቶ ለሥራ እስኪደርስ ትዕግሥት የሚያስጨርስ ላፕቶፕ አለ? ሁለት ፋይል አንድ ላይ ሲከፈትበት ቀጥ የሚል? «አርጅቷል፤ አዲስ ካልተገዛ አይሆንም» ተብሎ ጥግ የተቀመጠ?

ካለ አትጣሉት፤ በርካሽም አትሽጡት። ዛሬ የምንነጋገረው በዚያ ላፕቶፕ ላይ ሁለት ስርዓተ ክወና ጎን ለጎን ስለመጫን ነው። አንዱ የለመድነው ዊንዶውስ ነው። ሁለተኛው ሊኑክስ ነው። ስርዓተ ክወና ስንል ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳውን፣ ሌሎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያስተዳድረውን ዋና ፕሮግራም ማለታችን ነው።

[አጭር የመሸጋገሪያ ድምፅ]

አቅራቢ፦ ጉዳዩን ዛሬ ለምን አነሳነው? ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። በፈረንጆቹ ጥቅምት 14 ቀን 2025 መሆኑ ነው። ድጋፍ ቆመ ማለት ላፕቶፑ መሥራት ያቆማል ማለት አይደለም። ነገም ይከፈታል፤ ከነገ ወዲያም ይከፈታል። ነገር ግን ቫይረስ የሚገባበት አዲስ ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር እንደ ድሮው የሚደፈንበት መደበኛ መንገድ ተቋርጧል።

«ታዲያ ዊንዶውስ 11 እንጫን» ትሉ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው አሮጌው ላፕቶፕ የሚቸገረው። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍል ይፈልጋል። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነም ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ መሆን አለበት። በፈረንጆቹ ከ2017 በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ ላፕቶፖች ይህንን አያሟሉም። ከአዲስ አበባም ሆነ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ያገለገለ ዴል ወይም ኤችፒ ገዝታችሁ ከሆነ፣ የናንተውም ከነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል።

ሊኑክስ ግን ለእንዲህ ያለ ማሽን ይመቻል። ሥራው የተጀመረው በፈረንጆቹ 1991፣ ሊነስ ቶርቫልድስ በተባለ ፊንላንዳዊ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ዛሬ በብዙ ዓይነት ተዘጋጅቶ በነጻ ይገኛል። ኡቡንቱ የሚባለውን እ.ኤ.አ. በ2004 ያስጀመረው ማርክ ሻትልወርዝ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ ነው። በኡቡንቱ ላይ ተመሥርቶ የተሠራው ደግሞ ሊኑክስ ሚንት ይባላል። ለአሮጌ ላፕቶፕ እኔ የምመክረው ሚንትን፣ እሱንም ኤክስ ኤፍ ሲ ኢ በተባለው ቀለል ያለ ገጽታው ነው። 2 ጊጋ ራም ያስነሳዋል፤ በ4 ጊጋ ደህና አድርጎ ይሠራል። ማውጫው ከታች በግራ በኩል ስለሆነ ዊንዶውስ የለመደ ሰው ብዙም አይደናገርበትም።

[ለአፍታ ዝምታ]

አቅራቢ፦ አሁን አንድ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ሊኑክስ እንዲህ ጥሩ ከሆነ ዊንዶውሱን ለምን ጨርሰን አናጠፋውም? ሁለቱን መያዝ ምን ያስፈልጋል?

መልሱ ያለው ሥራችን ላይ ነው። የሂሳብ ሠራተኛ ናችሁ? እንግዲያው ፒችትሪን ታውቁታላችሁ። አገራችን ውስጥ ስንት ድርጅት መዝገቡን የሚይዘው በፒችትሪ ነው! ፒችትሪ ደግሞ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ጸሐፊ ከሆናችሁ ወይም የጽሕፈት አገልግሎት የምትሰጡ ከሆነ ጣታችሁ የለመደው ፓወር ግዕዝን ነው። እሱም የዊንዶውስ ነው። የሲቪል ምህንድስና ተማሪ አውቶካድ ይፈልጋል፤ ይህም ሊኑክስ ላይ አይጫንም። እነዚህን እንጀራችንን የምንበላባቸውን ፕሮግራሞች በአንድ ቀን ጣሉ ብሎ መምከር ተገቢ አይደለም። ስለዚህ ዊንዶውሱ ለነሱ ይቆይ።

የቀረው ሥራ ግን ብዙ ነው። ደብዳቤ መጻፍ፣ ማንበብ፣ ኢንተርኔት መጠቀም፣ ፊልም ማየት፣ የተማሪ ውጤት በሰንጠረዥ ማስላት፣ ፕሮግራሚንግ መማር፤ ይህን ሁሉ ሊኑክስ ይችለዋል። ሊብረኦፊስ የሚባለው የጽሑፍና የሰንጠረዥ ፕሮግራም አብሮት ይመጣል፤ ለብቻው መግዛትም ማውረድም አያስፈልግም። አካባቢያችን ላይ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት የቆየበትን ጊዜ ሁላችንም እናስታውሳለን። እንዲህ ባለ ጊዜ አብሮ ተጭኖ የሚመጣ ፕሮግራም ጥቅሙ ትልቅ ነው።

ደግሞ የፍላሽ ቫይረስ አለ። ፍላሻችሁን ለፕሪንት ሰጥታችሁ ስትመለሱ፣ ፎልደሮቻችሁ በሙሉ ወደ ሾርትከት ተለውጠው አላገኛችሁም? ያ ቫይረስ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው፤ ሊኑክስ ላይ አይነሳም። ከዚህም በላይ ዊንዶውስ ላይ ተደብቀው የጠፉ የሚመስሉት ፎልደሮች ፍላሹ በሊኑክስ ሲከፈት ብዙውን ጊዜ እዚያው ይታያሉ። የመመረቂያ ጽሑፌ ጠፋ ብሎ ለደነገጠ ተማሪ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ፍላሹን ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ሊኑክስ ላይ ክፈቱት።

[አጭር የመሸጋገሪያ ድምፅ]

አቅራቢ፦ ሁለት ስርዓት ሲጫን ላፕቶፑ ይበልጥ አይከብደውም ወይ? ይህ ደጋግሞ የሚነሳ ስጋት ነው። አይከብደውም። በአንድ ግቢ ውስጥ እንዳሉ ሁለት ቤቶች አስቡት። በሩ አንድ ነው፤ ስትገቡ የምትከፍቱት አንደኛውን ቤት ብቻ ነው፤ ሌላው ተዘግቶ ይቆያል። ላፕቶፑ ሲበራ ግራብ የሚባል ትንሽ ዝርዝር ይመጣና «የትኛውን ልክፈት?» ይላል። በቀስት ቁልፍ ትመርጣላችሁ። አንደኛው ሲሠራ ሌላኛው ራም አይነካም። የሚሻሙት የሃርድ ዲስክ ቦታ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን እንግባ። ብዙ ሰው የሚፈራው መጫኑን ነው። መጫኑ ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ሰው የሚጎዳው ከመጫኑ በፊት ሳይሠራ ባለፈው ነገር ነው። ሦስት ነገሮችን አስቀድሙ። ሰነድ፤ መብራት፤ ቦታ። እደግመዋለሁ፦ ሰነድ፣ መብራት፣ ቦታ።

[ለአፍታ ዝምታ]

አቅራቢ፦ መጀመሪያ ሰነድ። ላፕቶፑ ላይ ያለውን የማይተካ ነገር ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ካለ እሱ ይሻላል። ከሌለም ንጹሕ ፍላሽ ላይ። የማይተካ የምንለው ምንድን ነው? የሠርግና የክርስትና ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የተማሪ ውጤት፣ የፒችትሪው ባክአፕ። ፊልምና ዘፈን ይቆይ፤ እሱ ሌላ ቀን ይገኛል። ገልብጣችሁ ስትጨርሱ የተገለበጠውን በሌላ ኮምፒውተር ከፍታችሁ እዩ። ይከፈታል? ከተከፈተ ሰነዳችሁ ተረፈ።

ሰነድን ካነሳን ስለ አማርኛ ጽሑፍ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነውና። ሊኑክስ ላይ አንዳንዱ የአማርኛ ሰነድ አምሮ ይከፈታል። ሌላው ደግሞ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይመጣል። ለምን ይመስላችኋል?

ድሮ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ዓለም የራሱ ቋሚ ቁጥር አልነበረውም። የድሮዎቹ የአማርኛ ፕሮግራሞች፣ እነ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፊደላችንን ያስቀመጡት ለላቲን ፊደላት በተመደበው ቦታ ላይ ነበር። ስለዚህ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ከሥሩ ያለውን ሌላ ምልክት ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም፣ ማለትም የፊደላት ቁጥር ዝርዝር፣ ግን ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠው። ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። በኒያላ ወይም በፓወር ግዕዝ ዩኒኮድ የተጻፈ ሰነድ ዊንዶውስ ላይም ሊኑክስ ላይም አማርኛ ሆኖ ይነበባል። በአሮጌዎቹ ፎንቶች የተጻፈው ግን ፎንቱ ካልተጫነለት አይነበብም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰነድ ስታዩ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትሰርዙት! ዊንዶውሱ ላይ ክፈቱት፤ ደህና ነው።

ሊኑክስ ላይ አማርኛ መጻፍስ ይቻላል? በሚገባ። በእንግሊዝኛ ፊደል ድምፁን ስትነኩ በአማርኛ የሚጽፍ አሠራር አለው፤ ከስርዓቱ ማስተካከያ ውስጥ ይጨመራል። ኪማን የሚባለውም ለሁለቱም ስርዓት ተዘጋጅቷል። የፓወር ግዕዝ አቀማመጥ ጣቱ ላይ የተጻፈበት ሰው መጀመሪያ ላይ መዘግየቱ አይቀርም፤ እየሠራ ይለምደዋል።

[አጭር የመሸጋገሪያ ድምፅ]

አቅራቢ፦ ሁለተኛው መብራት ነው። ይህን የውጭ አገር መመሪያዎች በአንድ መስመር ያልፉታል። እኛ ግን ልናልፈው አንችልም።

ሃርድ ዲስኩ በሚከፋፈልበት ሰዓት መብራት ቢሄድ ምን ይሆናል? የትኛው ክፍል የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ የሚመዘገብበት ሰሌዳ በግማሽ ሊቀር ይችላል። ያን ጊዜ ዊንዶውሱም ላይነሳ ነው፤ ሊኑክሱም ገና አልተጫነም። አሮጌ ላፕቶፕ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ባትሪው የደከመ ነው። ቻርጀሩ ሲነቀል ወዲያው የሚጠፋ ላፕቶፕ አለ፤ አይደለም? በዚያ ላፕቶፕ፣ ክረምት ላይ፣ ነጎድጓድ እያጉረመረመ፣ ሃርድ ዲስክ መከፋፈል አይሞከርም።

ስለዚህ አስቀድማችሁ ባትሪውን ፈትኑት። ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ ንቀሉትና ፊልም ክፈቱበት። አንድ ሰዓት ያህል ከቆየ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ቻርጀሩም እንደተሰካ ሥራውን መጀመር ትችላላችሁ። ካልቆየ ላፕቶፑን ዩፒኤስ ወይም ጄኔሬተር ወዳለበት ቦታ ውሰዱት። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ መጫኑ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊወስድ ስለሚችል «መብራት ሳይሄድ ያልቃል» ብላችሁ አትጀምሩ። ከጃናሞራ ወይም ከበየዳ ለጉዳይ ወደ ደባርቅ ወይም ወደ ጎንደር የምትመጡ ከሆነ፣ ላፕቶፑን ይዛችሁ ኑና አስተማማኝ መብራት ባለበት አሠሩት።

ሦስተኛው ቦታ። ሊኑክስ ሚንት ቢያንስ 20 ጊጋባይት ይፈልጋል፤ እኔ ግን 50 ብትሰጡት እመርጣለሁ። ቦታውን የምትቀንሱት ከዊንዶውሱ ውስጥ ነው። ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ገብታችሁ፣ ዲስክ ሲ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ፣ ሽሪንክ ቮሊዩም የሚለውን ትመርጣላችሁ። የተቀነሰውን ባዶ ቦታ ፎርማት አታድርጉት፤ ባዶውን ተዉት። ከዚያ ዊንዶውሱን አጥፍታችሁ እንደገና አስነሡት። በደህና ከተነሣ ቦታው ተዘጋጀ።

እዚያው ሳላችሁ ፋስት ስታርትአፕ የሚባለውን አጥፉ። ኮንትሮል ፓናል፣ ከዚያ ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ይህ ነገር ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ የተዘጋ እንዲመስል ያደርጋል። ሰነዶቻችሁ ያሉበትን ዲስክም እንደያዘው ያድራል። ሊኑክስ መጥቶ እዚያ ላይ ልጻፍ ሲል ወይ ይከለከላል፣ ወይ ማንበብ ብቻ ይፈቀድለታል። «ሊኑክስ ፋይሌን አላስቀምጥ አለኝ» የሚል ቅሬታ ከሰማችሁ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ከሆነና ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ደግሞ የመክፈቻ ቁጥሩን ሳትይዙ ምንም አትንኩ። የመሥሪያ ቤቱን ፈቃድ መጠየቅም እንዳይረሳ።

እስካሁን ያልነው ምን ነበር? ሰነድ፣ መብራት፣ ቦታ። ሦስቱ ካልተሟሉ የመጫኛውን ፍላሽ አትሰኩ።

[ሙዚቃ፤ ለጥቂት ሰኮንድ]

አቅራቢ፦ አሁን ወደ መጫኑ። የሚንት ፋይል ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋል። በሞባይል ዳታ ማውረድ ኪስ ይጎዳል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ ተማሪ፣ የቢሮ ኢንተርኔት ያለው ዘመድ አንድ ጊዜ ካወረደው ግን ለሁሉም ይበቃል። ፋይሉን መገልበጥና ለሌላ ሰው መስጠት በፈቃዱ የተፈቀደ ነው፤ ክራክ የሚባል ነገር የለበትም፤ የማንንም መብት አይነካም። ጎንደር የወረደው በፍላሽ ተጉዞ ደባርቅ አሥር ላፕቶፕ ላይ ሊጫን ይችላል።

ፋይሉን ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ እንዲሁ መገልበጥ አይበቃም። ሩፉስ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ እሱ ፍላሹን ማስነሻ ያደርገዋል። ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ግን ይጠፋል። ከዚያ ፍላሹን ሰክታችሁ ላፕቶፑን ስታበሩ የማስነሻ ምርጫውን ቁልፍ ደጋግማችሁ ትነካላችሁ። ዴል፣ ሌኖቮና ቶሺባ ላይ በአብዛኛው ኤፍ 12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9 ነው።

ሊኑክስ ሳይጫን ከፍላሹ ላይ እንዳለ መሥራት ይችላል። ይህ እጅግ የምወድለት ባሕርይው ነው። ምንም ሳትነኩ ሞክሩት። ድምፁ ይሰማል? የስክሪኑ ብርሃን ይጨምራል ይቀንሳል? ዋይፋዩ ይታያል? አንዳንድ አሮጌ ዴልና ኤችፒ ላይ ብሮድኮም የሚባል የዋይፋይ ካርድ አለ፤ መጀመሪያ ላይ ላይታይ ይችላል። አትደንግጡ። ስልካችሁን በኬብል አገናኝታችሁ ዳታውን አጋሩት፤ ከዚያ ድራይቨር ማኔጀር የሚባለው የጎደለውን ፈልጎ ይጭነዋል።

ሁሉም ካማራችሁ ጫኑ። መጫኛው ቋንቋና የቁልፍ ሰሌዳ ይጠይቃል፤ እነዚያን በቀላሉ ታልፋላችሁ። ከዚያ በኋላ የመጫኛው ዓይነት የሚመረጥበት ገጽ ላይ ግን እጃችሁን ከማውሱ ላይ አንሱና አንብቡ።

[ቀስ ተብሎ ይነበብ]

አቅራቢ፦ ከምርጫዎቹ ሁለቱን አጥብቃችሁ ተመልከቱ። አንዱ ከዊንዶውሱ ጎን ጫን ይላል፤ ኢንስቶል አሎንግሳይድ። ሌላው ዲስኩን በሙሉ አጥፋ ይላል፤ ኢሬዝ ዲስክ። የምትመርጡት የመጀመሪያውን ነው። ኢሬዝ የሚለውን ከነካችሁ ዊንዶውሱም፣ ፒችትሪውም፣ ፎቶውም ይሄዳል። ኢሬዝ አይነካም። «ከጎን ጫን» የሚለው ምርጫ ጨርሶ ካልመጣስ? ያኔ አትገፉበት፤ አቁሙ። ዊንዶውሱ የተጫነበት አነሣሥና ፍላሹ የተነሣበት አነሣሥ ሳይገጥሙ ቀርተው ይሆናል። አንዱ ዩኢኤፍአይ፣ ሌላው ሌጋሲ በሚባለው መንገድ ማለት ነው። ዊንዶውስ ላይ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ውስጥ ባዮስ ሞድ የሚለው መስመር የቱ እንደሆነ ይነግራችኋል። እዚህ ላይ የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ብልህነት ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርማቲክስ ተማሪዎች ለዚህ ሩቅ አይደሉም፤ ጎረቤታችሁ አንድ አይጠፋም።

[አጭር የመሸጋገሪያ ድምፅ]

አቅራቢ፦ ተጫነ እንበል። በማግሥቱ ዊንዶውስ ከፍታችሁ ሰዓቱን ስታዩ ሦስት ሰዓት ወደኋላ ቀርቷል። ምን ነካው? ሊኑክስ የላፕቶፑን የውስጥ ሰዓት በዓለም አቀፍ ሰዓት ይይዛል፤ ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ እንደ አካባቢው ሰዓት ያነበዋል። አገራችን ከዓለም አቀፉ ሰዓት በሦስት ሰዓት ትቀድማለች፤ ልዩነቱ የመጣው ከዚያ ነው። ብልሽት አይደለም። ሊኑክሱን በአካባቢ ሰዓት እንዲይዝ አንድ ትእዛዝ መስጠት ይበቃል።

ሰነዶቻችሁን ደግሞ በዊንዶውሱ በኩል ባለው ዲስክ ላይ፣ ለምሳሌ ዲስክ ዲ ላይ አስቀምጡ። ሊኑክስ የዊንዶውስን ዲስክ ያነባል፤ ይጽፍበታልም። ዊንዶውስ ግን የሊኑክስን ክፍል በቀጥታ አይከፍትም። ሰነዱ ዲስክ ዲ ላይ ከሆነ ከሁለቱም ወገን ታገኙታላችሁ።

ላፕቶፑ ሊኑክስ ተጭኖበትም ቢሆን እንደ አዲስ አይፈጥንም፤ ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ። ብዙ ገጽ በአንድ ጊዜ ከከፈታችሁበት 4 ጊጋ ራም አሁንም ይሞላል። ጥቂት ገንዘብ ካላችሁ የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ ኤስኤስዲ በሚባለው በማይሽከረከር ዲስክ አስቀይሩት። ፍጥነቱን ከሁሉ በላይ የሚለውጠው እሱ ነው፤ ለዊንዶውሱም ለሊኑክሱም ይጠቅማል።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ይቀረናል። «ባልወደውስ? ሊኑክሱን ማጥፋት ብፈልግስ?» ይቻላል፤ ግን በቅደም ተከተል ነው። የሊኑክሱን ክፍል ዝም ብላችሁ መጀመሪያ ከሰረዛችሁት፣ በአሮጌው በሌጋሲ መንገድ የሚነሣ ላፕቶፕ ላይ የመምረጫው ዝርዝር ማረፊያ ያጣና ዊንዶውሱም አልነሣ ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ የዊንዶውስ መጠገኛ ፍላሽ አዘጋጁና የዊንዶውሱን ማስነሻ ወደ ቦታው መልሱ። ላፕቶፑ ያለ ግራብ በቀጥታ ወደ ዊንዶውስ መግባቱን በዓይናችሁ እዩ። የሊኑክሱን ክፍል የምትሰርዙት ከዚያ በኋላ ነው። በዩኢኤፍአይ የሚነሣ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ባዮስ በሚባለው የላፕቶፑ የማስነሻ ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ ዊንዶውስ ቡት ማኔጀርን አንደኛ ካደረጋችሁ በኋላ መሰረዝ ትችላላችሁ።

ለሚቀጥለው ሳምንት የቤት ሥራ እንስጣችሁ። ባትሪውን ፈትኑት፤ ሰነዳችሁን ገልብጡ፤ ዲስክ ሲ ላይ ምን ያህል ባዶ ቦታ እንዳለ ተመልከቱ። ያገኛችሁትን ደውላችሁ ንገሩን። በሚቀጥለው ዝግጅታችን ሊኑክስ ላይ የአማርኛውን የቁልፍ ሰሌዳ አንድ በአንድ አብረን እናስተካክላለን።

[የመዝጊያ ሙዚቃ]